በአሊዪ ቀብር ላይ የበቀለው አበባ

ጥቅምት 9፣ 1930

ዛሬ ከወፍ ጋር ተጣላሁ። ሰው በዚህ ዘመን ከጣሊያን ጋር ይጣላል፣ እኔ ከወፍ ጋር።

የእህቴ ልጅ ሚስት ሳፊያ ለጁምዓ ብላ ነጩን ኩታዬን በእንዶድ አጥባ ደጄ ባለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስጥታልኝ ነበር። ላነሳው ስመጣ ትከሻው በሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም ተንጠባጥቦበታል። የወፍ ኩስ ነጭ እንደሆነ ነው የማውቀው። ይኼ ግን... እንደገና አጠበችው። በሎሚ አሸችው። ኩሱ ለቀቀ፣ ቀለሙ ቀረ። እንደዚያው ለብሼ መስጊድ ሄድኩ። ሐጂ ሷሊሕ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ሙሄ፣ ዛሬስ ከየትኛው ጠጅ ቤት ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። በሰው ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ እርጅና ላይ ወፍ አሳቀችብኝ።

ወፎቹ ከየት እንደሚያመጡት አውቃለሁ። ከጣሊያኑ ካምፕ ነው። የካምፑ ካፒታኖ ጆሮው ፀሐይ ሲነካው በርበሬ ስለሚመስል «ቀይ ጆሮ» ብዬዋለሁ፤ አሁን አገሩ ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። ድንኳኑን ዙሪያውን የአበባ አጥር አጥሮታል። አስተርጓሚው ወርቁ እንደነገረኝ ከምጽዋ በቆርቆሮ ይዞት የመጣ ነው። ከኛ ሰው ሽቦውን አልፎ የሚገባ እኔ ብቻ ነኝ፣ ኮርቻ ልሰፋ ስጠራ። አበባው ቢጫም ቀይም ነው፣ አንዱ ዘለላ ላይ ሁለቱም። ቅጠሉን ሲያሹት የድመት ሽንት ይሸታል። ፍሬው ሲበስል ጥቁር፣ እንደ ትንንሽ ዶቃ። ሴቶቻችን በየጠዋቱ ከሮቢ ወንዝ ውኃ ተሸክመው በሩ ላይ ያለው በርሜል ውስጥ ይገለብጣሉ፤ ለዚያ አጥር ነው። ሳፊያም በተራዋ ትሄዳለች፣ ያንን ሆዷን ይዛ። የኛ ማሽላ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ የእሱ አበባ በርሜል ይጠጣል።

ከሰዓት ኩታዬን ይዤ ወደ ማሽላው መጠበቂያ ማማ ሄድኩ። አሊዪ ከላይ ሆኖ ወንጭፉን ያጮኸዋል። የእህቴ ልጅ ነው፣ የሳፊያ ባል። በዚህ ቆላ እንደሱ የሚወረውር የለም። ሳፊያ ምሳውን አምጥታ ከሥር ተቀምጣለች።

«ይኼ የማን ሥራ ነው?» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

«ያጣቢዋ ነው እንዳይሉ ብቻ» አለች ሳፊያ።

«የባልሽ ስንፍና ነው። ከማሽላው ያባርራቸዋል፣ የቀይ ጆሮ አጥር ላይ ጠግበው እኔ ላይ ይመጣሉ።»

«እዚያ ድንጋይ አይከተለንም ብለው ነዋ» አለ አሊዪ። «እነሱም ባንዳ ሆነዋል።»

«አይከተላቸውም ወይስ አይደርስላቸውም?»

«አጎቴ፣ አይቆስቁሱኝ።»

«እኔ ምን አልኩ? ሚስት ካገባ ወዲህ ክንዱ ላልቷል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሳፊያ ጉርሻው አፏ ውስጥ እያለ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከማማው ላይ የአጥሩ ጫፍ ይታያል። ያቺ ጅራተ ረጅም፣ አመድ የመሰለች ወፍ ተቀምጣበታለች። ወንጭፉን አዞረ፣ አዞረ... ለቀቀ።

ወፏ በረረች። ከአጥሩ ኋላ የሆነ ነገር ተሰበረ።

ብዙ ሳንቆይ አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች፣ መጥተው አሊዪን ወሰዱት። ሲሄድ ዞር ብሎ «ክንዴ ግን አልላላም» አለኝ። ጥፊ ይቀምስ ይሆናል። ነገ ገብቼ ቀይ ጆሮን አስቀዋለሁ። ቀልድ ይወዳል ይላል ወርቁ።

ጥቅምት 10

ገባሁ። ጆሮው በፋሻ ታስሯል። ጢሙን ሲላጭ ድንጋዩ መስተዋቱን መትቶት፣ ስባሪው ጆሮውን ቀዶታል። በወርቁ አፍ አስረዳሁት። ወፍ ነው፣ ጌታዬ፣ ወፍ ነው። ኩታዬን አሳየሁት። እንዴት ከመስጊድ ሳቅ ይዤ እንደወጣሁ ሳይቀር ነገርኩት። ሳቀ። ኩታውን እያገላበጠ ሳቀ። ወጣንበት አልኩ በልቤ።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። ወርቁ ቶሎ አልተረጎመውም።

«ምን አለ?»

«ጋሼ ሙሄ... "ወፏን መትቶ ቢሆን ኖሮ እምረው ነበር" ነው የሚለው።»

ጥቅምት 14

የገበያ ቀን። ማንም እንዳይቀር ተባለ። አሊዪን ሰቀሉት፣ ገበያው ግራር ላይ። ወንጭፉን አንገቱ ላይ አሰሩለት፣ ከገመዱ ጋር።

ሳፊያን ይዣት ነበር። ወፎቹ ከግራሩ ተነሱ፣ አንዴ ዞሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

ጥቅምት 17

እስኪሸት አላወረዱትም። ዛሬ ውሰዱት ተባለ። ቀብሩ ትልቁ ሾላ ሥር ሆነ። ለከፈን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከየት ይምጣ? ኩታዬን ሰጠሁ። ነጠብጣቡ በትከሻው በኩል ዋለ።

ስንመለስ ሳፊያ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። ስለ ክንዱ ስላልኩት ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እኔም ስቄያለሁ፣ አጎቴ።»

ታኅሣሥ 2

ማሽላውን አጨድን። ከዚያ ወዲህ ማማው ላይ የወጣ ሰው የለም። ግሪሳ ከኛ የበለጠ አጨደ። ቀይ ጆሮ ድንኳኑን በድንጋይ ካብ አስከብቧል፣ ከሰው ቁመት በላይ። አበባው አሁን ከውጭ ጨርሶ አይታይም። ለወፍ ግን ካብ ምኗ ነው?

ጥር 6

ሳፊያ ሴት ልጅ ወለደች። ሙሀባ አልናት። ጡቷ ወተት አልሰጠም፤ ሐዘን ነው አሉ ሴቶቹ። ደግነቱ ቡሬ አለች። አሊዪ ትቶላት የሄደው እሷን ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላም፣ ወተቷ የማይጎድል።

«ይቺ ልጅ ሁለት እናት ነው ያላት» አልኩ። «አንዷ ቀንድ አላት፣ አንዷ ጠባይ የላትም።»

በፊት ቢሆን ማማሰያ ነበር የምትወረውርብኝ። አሁን ዞር ብላ ልጇን ሸፈነች። ሰው ማሳቅ እንዲህ ከባድ ነበር እንዴ?

ሐምሌ 20

ዝናቡ ጥሩ ነው። ቀብሩን ልናጸዳ ሄድን፣ ሐጂ፣ ሳፊያና እኔ። አፈሩ መሐል አንድ ችግኝ ቆሟል። ልነቅል ጎንበስ አልኩ።

«ተው» አሉ ሐጂ ሷሊሕ። «እርጥብ ነገር ከቀብር አይነቀልም። ለሟቹ ተስቢሕ ያደርግለታል፣ ፈጣሪን ያወድስለታል።»

ልክ ናቸው፣ እዚህ አገር እንደዚያ ነው። ደረቁን እናነሳለን እንጂ እርጥቡን አንነካም። እጄን ሰበሰብኩ። ጣቴን ሳሸት ግን... የድመት ሽንት።

መጀመሪያ ከተከፈነበት ኩታዬ ነጠብጣብ በቅሎ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ኋላ ቀና ስል ሾላው ላይ ጅራተ ረጅሞቹ ተደርድረዋል። ከሥራቸው ያለው ድንጋይ ሁሉ ወይን ጠጅ። ነገሩ ገባኝ። በማሽላ ወቅት ወፍ ከየማሳው ይባረራል፤ በወንጭፍ፣ በጅራፍ፣ በጩኸት። የማይባረርበት ቦታ ሁለት ብቻ ነው። ካምፑ፣ ሰው ስለሚፈራ። ቀብሩ፣ ድንጋይ መወርወር ነውር ስለሆነ። እዚያ ትበላለች፣ እዚህ ትጥላለች። ቀይ ጆሮ ከገደለው በኋላም አልለቀቀውም።

ለሳፊያ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

መስከረም 14፣ 1931

አበባ አወጣ። ቢጫና ቀይ፣ ወገብ ድረስ አድጎ። ሴቶች ከበውት ቆመዋል። እንዲህ ያለ አበባ ከቅርብ አይተው አያውቁም፤ ካቡ ውስጥ ያለውን ከቅርብ የሚያውቀው ወርቁና እኔ፣ ከዚያ አስካሪዎቹ። ሳፊያ ሙሀባን አዝላ ዓይኗን ተክላበታለች።

«ምንድነው ይኼ አጎቴ?»

ፊቷን አየሁት። ዓመት ሊሞላው ነው ያ ፊት ከቆረፈደ። እናም አመለኛው ምላሴ...

«አሊዪ ነዋ» አልኳት፣ ኮስተር ብዬ። «ቀይ ጆሮን ሊያናድድ ነው የተሽሞነሞነው። ቀዩ ደሙ ነው፣ ቢጫው ነገረኛነቱ።»

ሳቀች። ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ልጇም ከጀርባዋ ሆና ሳቋን ሰምታ ሳቀች። ወላሂ ለዚያ ሳቅ ብዬ ሌላም ውሸት እጨምር ነበር። ምን ይጎዳል?

ጥቅምት 25

ቀልዱ ከእጄ ወጣ። እኔ «ደሙ ነው» ብዬ የሳቅኩበት ነገር ገበያው ውስጥ ያለ ሳቅ ይወራል። ወሬው አሊዩ አምባ ከተማ ድረስ ሄዷል፤ ከካራቆሬም ሰው መጥቶ ሲሳለመው አይቻለሁ። ሴቶች ዘንጉን እየቆረጡ ደጃቸው ይተክላሉ፣ ለበረካ። እትዬ መሪያም በሽታ አይገባም ብላ በበረቷ ዙሪያ ተክላዋለች። ሳፊያም ደጇ ላይ። በየጠዋቱ ታጠጣዋለች፣ ታዋራዋለች።

«አሊዪ ዛሬ አዲስ አበባ አወጣ» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ «አንድ ብቻ? ሰነፍ» እላለሁ። ምን ልበል?

ኅዳር 11

ቀይ ጆሮ ወሬው ደርሶት በፈረስ ወደ ቀብሩ መጣ። አየው። ወርቁ ነው የነገረኝ፤ ከፈረሱ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ አለኝ።

«ሊያስነቅለው ነው?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ። "ማንም እንዳይነካው። አጥሬን ይሳሙልኝ" ነው ያለው።»

ወርቁ ይህን ሲናገር መሬት መሬቱን ያያል። ደብረ ሲና እናቱን ጥሎ የመጣ ሰው ነው። ወደ ደጋው ተመለስ ብዬው ነበር፣ አልቻለም።

የካቲት 22

በልጉ ቀረ። ሣሩ አመድ ሆነ። ከብቱ አጥንቱ ይቆጠራል። አረንጓዴ ነገር ቢኖር ያ አበባ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ፍየል እንኳ አሽትታ ትተወው ነበር፤ ርሃብ ሲጸና ግን ላም ምን ትምረጥ?

ቡሬ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ጠላች። ከጥላ አልወጣም ትላለች። ዓይኗ ቢጫ። ሽንቷ ጥቁር ሻይ።

የካቲት 27

ጥቁሩ ቆዳዋ ደህና ነው። ነጩ ግን እየተገሸለጠ ነው። ፀሐይ የነካው ነጭ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳል፣ ሥሩ ጥሬ ሥጋ። ዝንብ። አንድም ጥቁር ቦታ አልተነካም። ሰው በምላጭ መርጦ የላጣት ነው የሚመስለው። ወተቷ ጠፋ። ሙሀባ ስታለቅስ ትውላለች፤ የማሽላ አጥሚት ነው የሚሰጧት።

የእትዬ መሪያምም ጥጃ ጀምሮታል። አገሩ «ቡዳ» ይላል። እኔ በረቷን ዞሬ አየሁት። የተከለችው አበባ እስከ ግንዱ ድረስ ተግጧል።

የካቲት 29

ዛሬ ያየሁትን ለማንም አልመኝም።

ሳፊያ ጋ ስደርስ ከቀብሩ ያመጣችውን ቅጠል በእጇ ለቡሬ ታጎርሳለች። ቢስሚላህ እያለች። ላሟ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ይደማል፤ እሷ ታባብላታለች። «ብይ እናቴ፣ የሱ ነው፣ ያሽርሻል።»

«ሳፊያ፣ አትስጫት።»

«ምነው?»

«እሱ ነው የሚያሳምማት።»

«የአሊዪ እኮ ነው።»

«የአሊዪ አይደለም። የቀይ ጆሮ ነው። ካቡ ውስጥ አጥሩ ሁሉ ይኼ ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ ሾላው ላይ መጥታ ስትጥለው ነው የበቀለው። ኩስ ነው ሳፊያ። ደም አይደለም።»

በመጎናጸፊያዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች።

«አንቱ በቀብርም ይቀልዳሉ?»

«ወላሂ አልቀለድኩም።»

«ያኔም እንዲህ ኮስተር ብለው ነው የነገሩኝ።»

«ያኔ ነው የቀለድኩት። አሁን አይደለም።»

«እሺ አጎቴ» አለች፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ወፏ ኩታዎን ስላበላሸች እስካሁን ቂም ይዘዋል ማለት ነው።»

«አታምኚኝም? ሾላው ሥር ሄደሽ አንድ ቀን ዋዪ። ምን እንደሚወርድብሽ ታያለሽ።»

«ቀልድዎ አያልቅም» ብላ ሌላ ቅጠል አነሳች። ከእጇ ነጠቅኳት። ሳቋ ቆመ። እጇን እያየች «ይስጡኝ» አለች። ሰጠኋት። ለምን ሰጠኋት? ውሸቴን አንዴ ብቻ ነው የተናገርኩት፣ ወዲያው አመነችኝ። እውነቱን ስምል ግን...

መጋቢት 4

ቡሬ ሞተች። ሰው ቢላዋ ሲስል ቀደመችው። ስለዚህ ሥጋዋም ለማንም አልሆነም። ነጭ ቆዳዋ አልቆ ነበር፣ ጥቁሩ ብቻ ያበራል። ሳፊያ ጎኗ ተቀምጣ ዝንብ ታባርርላት ነበር፣ ከሞተችም በኋላ።

ሙሀባ ከሳች። እጇ የኔን አውራ ጣት አያህልም።

መጋቢት 8

ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ይዞ ሳለ፣ መቆፈሪያ ይዤ ቀብሩ ሄድኩ። አሊዪን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ክንድህን ብታበድረኝ» አልኩት። ሥሩ ክፉ ነው። ዘንጉ እሾህ አለው፣ መዳፌን ቀደደው። ነቅዬ ስጨርስ እትዬ መሪያም ከኋላዬ ቆማለች። ጥጃዋ የሞተው ትናንት ነው። እንኳን ነቀልከው ትለኝ ይሆን ብዬ ነበር።

«አንተ» አለች። «አጎቱ ነህ እኮ።»

መሸሽ ጀመረች። ከኔ።

መጋቢት 15

ሰላምታዬን የሚመልስልኝ የለም። መመለስ ግዴታ ስለሆነባቸው «ወዐለይከ» ይላሉ፣ ግማሹን። ኮርቻ የሚያመጣልኝ የለም። ጣራዬ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል፤ በወንጭፍ ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። መልካም፣ የአሊዪን ሙያ የያዘ ሰው አለ ማለት ነው።

ሳፊያ ጋ ሄድኩ። በሩን አልከፈተችም። ከውስጥ «ከሱ ምን ቀረኝና ነው የነቀሉት?» አለችኝ። በሯ ላይ የተከለችውን አበባ ልነካው አልደፈርኩም።

ሚያዝያ 2

ገበያ ላይ ነበርኩ። ቀይ ጆሮ በፈረስ መጣ፣ ያው ግራር ሥር ቆመ። ወርቁን እንዲጠራኝ አዘዘው። ወርቁ ጮክ ብሎ እንዲተረጉም ታዟል።

«ካፒታኖው ያመሰግኑዎታል። የሽፍታውን አበባ ስለነቀሉላቸው። የመንግሥት ወዳጅ ነዎት ይላሉ።»

ነጭ አቡጀዲ፣ አንድ ጥቅል ሙሉ፣ ትከሻዬ ላይ አስቀመጡብኝ። ቀና ስል ቀይ ጆሮ ዓይኑን ጠቀሰኝ። የተቀደደው ጆሮው ጠባሳ ቀልቷል። ያውቃል። ለምን እንደነቀልኩ፣ አበባው የማን እንደሆነ፣ ሰው ምን እንደሚለኝ፣ ሁሉንም ያውቃል። ወርቁ እውነቱን ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ መሐል ጮህኩ። «አበባው የራሱ ነው። አጥሩ ሁሉ ይኼ ነው። ካቡን አልፋችሁ እዩ።»

አንድ ሰው ከመሐል፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ «ከአሊዪ ቀብር ሰርቆ ተክሎት ነዋ። በረካውን ሊወስድ» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ነው ተባለ። እኔ ጥቅሉን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጥዬው ብሄድ ይገድለኝ ነበር። ይዤው ስሄድ ደግሞ... ማን ነው እንዲህ ያለ ቀልድ ያስተማረው? እኔ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ ቀልጄ አላውቅም። ወይስ ቀልጄ ነበር?

ሚያዝያ 9

ሐጂ ሷሊሕ መጡ፣ ከዱሁር ሶላት በኋላ። ከበራፉ አልገቡም። ብነግራቸው ያምኑኝ ይሆን ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ወፍ እንዳመጣው። ሾላው ሥር የምውለው እኔ አይደለሁ? የካምፑን አጥርም አይቻለሁ፣ ካቡ ከመሠራቱ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ላሟ ስትሞት...»

«ላሟን እንደሚገድል አላወቅኩም። ይህ በኔ ነው።» ዱላቸውን መሬት ላይ አሻሹ። «ግን ሙሄ፣ ሰዉ ወንድ ልጁን ሰቅለውበታል፣ ማሽላውን ወስደውበታል፣ ውኃውን በሴቶቹ ጀርባ ወስደውበታል። በእጁ የቀረችው ያቺ አበባ ናት። ለከብቱ ክፉ ናት፣ ከበረት አርቁ እላቸዋለሁ። የማን እንደሆነች ግን አልነግራቸውም። አንተም ተው።»

«ባንዳ መባሌስ?»

«ቻለው።»

«ለሳፊያስ? ለሷ ብቻ?»

«ለሷማ ጭራሽ» አሉ። «የባሏ ቀብር ላይ የገዳዩ አጥር መብቀሉን ነው የምትነግራት?»

ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን እንደ ቀይ ጆሮ ፈገግታ ነው ዛሬ የወጋኝ።

ሚያዝያ 30

ዘግይቶ ዘነበ። ነቅዬው የነበረው ቦታ ላይ ሦስት ሆኖ ተመልሷል። ሳቅሁ። ማን ይስማኝ?

ግንቦት 18

ከሮቢ ወዲያ ማዶ ተሻግሬ ዋልኩ። በየግራሩ ሥር አለ። በየካቡ ሥር፣ ወፍ በምታርፍበት ድንጋይ ሁሉ ሥር። ሜዳው ላይ የለም፤ ጥላ ባለበት፣ ማረፊያ ባለበት ብቻ። ወፎቹ በሄዱበት መንገድ ሁሉ አበባ አስቀምጠዋል። ቀይ ጆሮ ነገ ቢሄድ እንኳ ይኼ አይሄድም። ከሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ይህን አበባ አይቶ የአገሬ ነው ይላል።

የራሴ ቁርቁራ ሥርም በቅሏል። ነቀልኩ፣ ተመለሰ። ነቀልኩ፣ ተመለሰ። አሁን ጉልበቴ እሺ አይለኝም።

አቡጀዲውን ምን እንዳደረግኩት ልጻፍ። አልለበስኩትም፣ አልሰጠሁትም። ማን ይቀበለኛል? ቁርቁራው ሥር ከዳር እስከ ዳር ዘርግቼዋለሁ። ከዘረጋሁት ወር አለፈው። ወይን ጠጅ ያልሆነ ቦታ የለውም አሁን። የመንግሥት ወዳጅነቴን ወፎቹ በማኅተም አረጋግጠውልኛል። ይህን ለሰው ብነግር እንዴት ይሳቅ ነበር... ለማን? ዓመት ሙሉ ቤቴ ሰው ጠፍቶ አያውቅም ነበር፤ አጎቴ ሙሄ ምን አለ ዛሬ እያሉ። አሁን የምቀልደው ለዚህ ወረቀት ነው። ወረቀት አይስቅም፣ ደግነቱ አያምንምም።

ሙሀባ ትንሽ ተሻላት ይላሉ። የሰው ፍየል ወተት ያጠጧታል። ሩቅ ሆኜ ነው የምሰማው። ሳፊያ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከቤቷ ጠፍታለች፣ ቀን ቀን ቀብሩ ላይ ነው የምትውለው አሉኝ። አዲስ የበቀሉትን ልትጠብቅ ይሆናል። ከኔ ልትጠብቅ።

በር ላይ ኮቴ አለ። ወርቁ ይሆን? አይደለም፣ የሱ ጫማ ይጮሃል። ይኼ ባዶ እግር ነው። ድንጋይ ወርዋሪዎቹ ቀን አይመጡም... የሕፃን ሳል።

ሳፊያ ናት።

ሙሀባን አዝላለች። በሩ ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም አጎቴ» አለችኝ። ሙሉውን ነው ያለችው። ነጩን መጎናጸፊያዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ በሁለት እጇ ፊቴ ላይ ዘረጋችው። ትከሻው በሙሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ነው። ከሙሀባም ፀጉር ላይ አንድ አለ። የመዳፏ ቆዳ እንደኔው ተቀዷል፤ ደጇ ላይ የነበረውን ስትነቅል የቀረ የድመት ሽንት ሽታ እጇ ላይ አለ።

ቁጭ አላለችም። ዓይኔን አላየችም። ቁርቁራው ሥር የተዘረጋውን አቡጀዲ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ሎሚ ይኖርዎታል?» አለችኝ።

በሎሚም እንደማይለቅ ሁለታችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ ላቁም፤ ሎሚ ልፈልግላት።